«ሽምጥ» የተባለው ቀርፋፋ አልበም

ደባርቅ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ደምለውን ያውቀዋል። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሙሰዓብ ብርድ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ጎን በተለጠፈች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ፣ ቴፕና ሞባይል ይጠግናል። ይጠግናል ማለት እንግዲህ በደንበኞቹ ቸርነት ነው። እሱ ራሱ ስለ ሥራው ሲጠየቅ፣ «ግማሹን እጠግናለሁ፣ ግማሹን በክብር እቀብራለሁ» ይላል። ሰው ሊስቅበት ካሰበ ቀድሞት ይስቃል፤ ይህ የቆየ ዘዴው ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ መሰብሰቡ፣ ሱሪው ከዓመት ዓመት አለመለወጡ፣ ሚስቱ የትናየት ከአስተማሪነቷ ጋር ቤቱን ስትመራ እሱ ከሞቱ ሬዲዮኖች ጋር መዋሉ፣ ሁሉም የቀልዱ ስንቅ ነው። ሙሰዓብ አንዳንዴ ሊተርበው አስቦ ይመጣና፣ ደምለው ሁሉንም ስለ ራሱ ብሎ ስለሚጨርስ ምንም ሳይል ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል።

በራሱ ላይ የማይቀልድበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮው።

ልጅ ሳለ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር። ድምፁ ግን አይጣል ነው። ሲያዜም የሰማው ሁሉ ያዝንለት ነበር። መሪጌታው ለጥቂት ጊዜ ታገሡት፤ ኋላ ግን አጠገባቸው አስቀምጠው የሌሎቹን ተማሪዎች ዜማ እንዲያዳምጥ አደረጉት። አንዱ ተማሪ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ሲል ደምለው ፊቱን ያጨማድዳል፤ መሪጌታውም የእሱን ፊት አይተው ተማሪውን ይመልሱታል። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ሲሸኙት፣ «ልጄ፣ ድምፅ አልተሰጠህም፤ ጆሮ ግን ተሰጥቶሃል» አሉት። ቄስ ይሆናል ተብሎ የተላከ ልጅ ጆሮ ብቻ ይዞ ሲመለስ አባቱ ያሉትን እዚህ ባናነሳው ይሻላል። ደምለው ግን የመሪጌታውን ቃል ይዞ አደገ። ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ጆሮ እንዳለው ያውቃል።

ሄቪ ሜታል የሚባለው ጉድ ደባርቅ ድረስ መጥቶ ያገኘው በሥራው ላይ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ራስ ዳሽን ደርሶ የተመለሰ አንድ ፂማም ፈረንጅ፣ ዝናብ የገባበት የሙዚቃ ማጫወቻ ይዞለት መጣ። ደምለው ፈታው፣ አደረቀው፣ ገጠመው። መሥራቱን ለመሞከር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ግን ደነገጠ። ጊታሩ ያጓራል፣ ድራሙ ይደበደባል፣ ዘፋኙ በቁሙ የሚታረድ ይመስላል። ጭራሽ አበላሸሁት ብሎ እንደገና ፈታው፣ እንደገና ገጠመው፤ ያው ነው። ቆይቶ ግን ጆሮው ነገሩን ለየው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ከመስመሩ የወጣ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ያለበትን ቦታ ያውቃል፣ ሁሉም በጊዜው ይገባል፣ በጊዜው ይወጣል። ፈረንጁ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ደምለው «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ መለሰው። በማግሥቱም እንዲሁ ብሎ መለሰው። ኋላ ፈረንጁ ነገሩ ገባውና ስቆ፣ ያለውን ሙዚቃ ሁሉ ገልብጦለት ሄደ።

ከተገለበጠለት ውስጥ ፈጣኑም ዝግተኛውም አለበት። ስቶነር ሮክ የሚሉት ዝግተኛው ነው፤ ጊታሩ ይወፍራል፣ ከመሬት አይነሳም፣ ጭቃ ውስጥ እንደገባ አይሱዙ እያጓራ ባለበት ይቆያል። ደምለው ሁለቱንም ወደደ። ልቡ ግን ለዝግተኛው አደላ፤ ለምን ቢሉት፣ «እኔም እኮ የትም ደርሼ አላውቅም» ይላል።

ብቻውን ሰምቶ ብቻውን መደሰት ሲሰለቸው ሙሰዓብ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተለት። ስሙን «ጩኸት ከደጋ» አሉት። ደምለው እዚያ ላይ የሜታልና የስቶነር አልበሞችን በአማርኛ ይገመግማል። አንባቢዎቹ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና አዳማ ያሉ፣ ጥቁር ቲሸርት የሚወዱ፣ ቤተሰቦቻቸው በጸበል ይመለሳሉ ብለው ተስፋ የሚያደርጉባቸው ወጣቶች ናቸው። አልበም የሚመዝነው በኮከብ ሳይሆን በጋቢ ነው። የደባርቅ ብርድ መቼም ይታወቃል፤ ሙዚቃው ተጀምሮ እስኪያልቅ ሰውን ጋቢ ካላስወለቀ አልሞቀም ማለት ነው። አንድ ጋቢ ያስወለቀ አልበም ደህና ነው፤ ሁለት ያስወለቀ ግሩም ነው። ሦስት ጋቢ ያስወለቀ ግን አልተገኘም። የትናየት እንደምትለው ደግሞ ሦስተኛ ጋቢም የለውም።

አንድ ቀን አባ ገብረ ክርስቶስ ሬዲዮናቸውን ሊያሠሩ ቢመጡ ክፍሏ በጩኸት ተሞልታለች። በትራቸውን ተደግፈው ጥቂት አዳመጡ።

«ልጅ ደምለው፣ ይህን ሰው ምን ነክቶት ነው?»

«እየዘፈነ ነው፣ አባቴ።»

«ሕመሙስ?»

«ሕመም የለበትም፣ አባቴ። እንዲህ ነው የሚዘፈነው።»

«ይሁን እንግዲህ። እግዚአብሔር ይፈውሰው» አሉና ሬዲዮናቸውን አስቀምጠው ወጡ። ደምለው ይህን እንዳለ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ በቻናሉ ላይ አንድ አልበም እጅግ ሲወደድ ሁሉም «እግዚአብሔር ይፈውሳቸው» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደምለው ሰው የሚስቅለትም የሚያምነውም ገምጋሚ ሆነ። ደምለው ደህና ነው ካለ ደህና ነው፤ ጆሮ አለው ይሉታል። ደምለውም ይህን ሲያነብ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ፣ መብራት ከተማውን ረስቶት በሰነበተበትና ኔትወርክም ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ በሚሄድበት ሰሞን፣ የዳባት መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ታደለ አንዲት ትንሽ እሽግ አመጣለት። ውስጧ ካሴት ነው። በካሴት ማውጣት በሜታል ወዳጆች ዘንድ ዛሬም ኩራት ነው። ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፍ የባንዱ ስም «ውርጭ»፣ የአልበሙ ስም «ሽምጥ» ተብሏል። አብሮ የተላከችው ቁራጭ ወረቀት፣ «ጩኸት ከደጋን እናነባለን። ዳባት ነው ያለነው። ሰምተው የመሰለዎትን ይጻፉልን» ትላለች።

ደምለው ካሴቱን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። እዚሁ ደጋ ላይ፣ በአማርኛ፣ ከታክሲ ተራው ማዶ ሜታል የሚጫወት ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ጆሮውን ፈልጎ ሥራውን የላከለት ሰውም ይህ የመጀመሪያው ነው። የሚወዳቸውን አልበሞች የሠሩት ፈረንጆች የደምለውን ግምገማ አያነቡም፤ ቢሳሳትም የሚከፋው የለም። ይህኛው ግን ጎረቤት ነው። እጁን ታጥቦ ነው ካሴቱን ከልባሱ ያወጣው።

መብራት የለም አላልንም? ቴፑ ያለው አማራጭ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ አዲስ ድንጋይ ከገዛ ምኑን ጠጋኝ ሆነው። ደምለው የደከሙትን ድንጋዮች ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ እምቢ ያለውን በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገዋል። አገሬው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እንዲህ የተደረገ ድንጋይ ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራል። ደምለው ግን በዜና ድንጋይ ሙሉ አልበም ሊሰማበት ተቀመጠ። ሁለቱን ጋቢ ደረበ፤ የዛሬው ለየት ያለ ነው ብሎም ከሙሰዓብ ሱቅ አንድ ብርድ ልብስ ተዋሰ።

ኔትወርክ ብቅ ስትል እንዲህ የሚል ግምገማ ለቀቀ፦

«ይህን የሚጽፍላችሁ ራሰ በራ በዕድሜው እንዲህ ያለ ዝግታ ሰምቶ አያውቅም። ውርጮች አይቸኩሉም። እንዲህ እያዘገሙ አልበሙን 'ሽምጥ' ማለታቸው እጅግ የረቀቀ ምፀት ነው። ድምፃዊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በአካሉ ግዙፍ፣ በዕድሜው የበሰለ፣ ምናልባትም ጡረታ የወጣ ወታደር መሆኑን ግን ጆሮዬ ይነግረኛል። ወደ መጨረሻው ሲጠጉ ጭራሽ ይከብዳሉ፣ ጭራሽ ይዘገያሉ። የመጨረሻው ዘፈንማ ገና ከመጀመሩ ወደ ዝምታ ይሰጥማል፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት መጣ? ሦስት ጋቢ። አንደኛው ብርድ ልብስ ነው፤ ቢሆንም ወልቋል። እግዚአብሔር ይፈውሳቸው።»

ጉድ ፈላ። ሦስት ጋቢ ተሰጥቶ አያውቅማ። ካሴቱ የት ይገኛል፣ ግዙፉ ሰውዬ ማነው፣ ምፀቱንስ እንዴት አሰበው እያሉ የጥያቄ መዓት አዘነቡበት። ደምለውም ስለ ዝግታ ምሥጢር ትንታኔ እየሰጠ ሰነበተ። ከዚያ «ውርጭ» ከሚል አካውንት መልእክት መጣለት። «ጋሼ፣ ግምገማውን አንብበን በጣም አመስግነናል። ግን ያልገባን ነገር አለ። ቅዳሜ ዳባት ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል» ይላል።

ለሙሰዓብ አነበበለት። «ያልገባቸው የራሳቸው ጥልቀት ነው» አለ ደምለው። «ሠሪ የሠራውን አያውቀውም። ገምጋሚ የተፈጠረው እሱን ሊያስረዳ ነው።»

ሙሰዓብ ብርድ ልብሱን እያጠፈ፣ «አስረዳቸዋ እንግዲህ» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ካሴቱን ኪሱ ከቶ የታደለ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀመጠ። የታደለ መኪና ከማርጀቷ የተነሳ እስካሁን የካሴት ማጫወቻ አላት። ደባርቅን ወጣ እንዳሉ ደምለው ጉራው መጣበትና፣ «እስቲ ይህችን አስገባት፤ ዳባት እስክንደርስ ሰው ቁም ነገር ይስማ» አለ። ታደለ አስገባት።

የወጣው ሌላ ነገር ነው። ድራሙ ይጋልባል፣ ጊታሩ ይከተለዋል፣ በላዩ ላይ አንዲት ሴት እየተንደረደረች ትጮኻለች። ግዙፉ ሰውዬ የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ቀና ቀና አለ።

«ታደለ፣ ቴፕህ ታሟል» አለ ደምለው።

«ቴፔ ምንም አልሆነ።»

«ይሮጣል እኮ። አትሰማም እንዴ? ሞተሩ ተበላሽቷል። ወቀን ስንቆም እፈታልሃለሁ።»

ጠመንጃ መፍቻ ከኪሱ አይጠፋም። መሐል መንገድ ላይ ካለችው ወቀን ደርሰው ሰው ሲወርድና ሲወጣ ደምለው ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር ቀብሮ ቴፑን ፈታው፤ የሞተሩን ቀበቶ ነካ ነካ፣ የማርሹን ጥርስ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ገጠመው። ሲከፈት ሴትዮዋ ካቆመችበት መጋለቧን ቀጠለች። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ፣ ይህቺ ሰው ምን አይታ ነው የምትሮጠው?» አሉት አጠገባቸው ያለውን ሰው። ደምለው ሰማ፤ እንዳልሰማ ሆነ። ካሴቱም ቢሆን ተለጥጦ ይሆናል ብሎ አዲስ ምክንያት መደርደር ጀመረ።

ታደለ ሰለቸው። ካሴቱን አወጣና የራሱን አስገባ። ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የሠርግ ዘፈን ነበር። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው አብሮ ማንጎራጎርና ማጨብጨብ ያዘ፤ ባልቴቷ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ዘፈኑ አልሮጠም፣ አላዘገመም፤ ድሮ እንደነበረው ነው።

ያኔ ደምለው ነገሩ ፍንትው አለለት። ቆርቆሮው ላይ የደረደራቸው ድንጋዮች ታዩት። የቴፕ ባትሪ ሲደክም ድምፁ እንደሚዘገይና እንደሚጎረንን እንኳን ጠጋኝ፣ ደባርቅ ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቃል። ምፀት ብሎ የጻፈው የባትሪ ድካም ነው። ጡረተኛው ወታደር ሴት ነው። ወደ ዝምታ የሰጠመው ደፋር ዘፈን ባትሪው ስለሞተ ያልተሰማ ዘፈን ነው። ለዚህ ሁሉ ዓመት አልቀልድበትም ብሎ የያዛት ጆሮው እንደዚህ ጉድ ትሥራው? ታደለን መኪናውን አዙርልኝ ሊለው ቃጣው፤ ግን መንገደኛው ገበያው እንዳያልፈው ቸኩሏል።

ዳባት ላይ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ የጠበቀችው አጭር፣ ቀጭን፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ነበረች። ሕሊና ትባላለች። ጊታር፣ ቤዝና ድምፅ እሷ ናት፤ ድራሙን የሚመታው ወንድሟ ቃለ አብ ለዛሬ ጎንደር ወርዷል።

«ግዙፉ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለችው እጇን ዘርግታ።

ደምለው ከዚህ ወዲያ መደበቂያ አልነበረውም፤ ስለዚህ እንደ ልማዱ ቀደማት። ድንጋዮቹን ፀሐይ ሲያሞቅ፣ በጥርሱ ሲነክስ፣ ብርድ ልብሱን ሲያወልቅ፣ የታደለን ጤነኛ ቴፕ ካልፈታሁ ሲል፣ ባልቴቷ ያሉትን ሳይቀር እየተነሳ እየተቀመጠ አሳያት። ሕሊና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲል ሻይዋን እያማሰለች፣ «ታዲያ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሰሙትስ እንዴት ነው?» አለችው።

«ከደባርቅ እስከዚህ ድረስ ሲያስደነግጠኝ መጥቷል» አለ ደምለው።

ሕሊና ፈገግ አለች። ሌላ ነገር ይላል ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ አላለም። «እሺ፤ እንግዲህ ይጽፉታል» ብላ ሻይዋን ጠጣች።

ጻፈው። ደባርቅ እንደተመለሰ የጻፈው እርማት ከጻፋቸው ሁሉ ረጅሙና አስቂኙ ነው። ራሱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አልማረም። ከዚያ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ «አልበሙ በትክክል ሲሰማ ፈጣን ነው፤ ጥሩ ነው፤ አንድ ጋቢ» የሚል መስመር አከለ። ጽሑፉን ሰው እንደ ጉድ ተቀባበለው። ቻናሉን አይተውት የማያውቁ ሰዎች እየገቡ ተመዘገቡ። አንዱ ከአዳማ ጣሪያ ላይ የተደረደሩ ድንጋዮችን ፎቶ አንስቶ «በዝግታ ላይ ነን» ብሎ ለጠፈ። ደምለው ተዋርዶ የከበረ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ እያለ ለሙሰዓብ አወራ። ልቡም ረጋ፤ ጆሮውም እንግዲህ ከፀጉሩና ከሱሪው ጋር የቀልዱ ስንቅ ሆነ ማለት ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሕሊና ግን ለጥቂት ቀናት ዝም ብላ ከረመችና እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦

«ጋሼ፣ እርማቱን አንብቤ ስቄያለሁ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ፀጉርዎ፣ ስለ ታደለ ቴፕና ስለ እኔ ቁመት ጽፈዋል። ስለ አልበሙ አንድ መስመር ነው ያለው። እኔና ቃለ አብ ከሥራ መልስ እየተገናኘን ይህን ስንሠራ ቤተሰቦቻችን አብደዋል ብለውናል። ለእርስዎ የላክነው ሰው እንዲስቅበት አይደለም፤ ጆሮ አለው ሲሉ ሰምተን ነው። የመጨረሻውን ዘፈን እስካሁን አልሰሙትም። ሌላውን ሁሉ የሠራነው እሱ ጋ ለመድረስ ነበር። የማይሰሙት ከሆነ ካሴቱን በታደለ ይላኩልን።»

ደምለው ስልኩን ይዞ ወደ ሙሰዓብ ሱቅ ገባ። «ልጅቷ ቀልድ አታውቅም» አለ።

ሙሰዓብ አነበበው። «ስቄያለሁ ብላለች እኮ» አለ።

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«የመጨረሻውን ዘፈን ሰምተኸዋል?»

«አልሰማሁትም።»

«እንግዲያው ምኑን ዋሸች?» አለና ስልኩን መለሰለት።

ደምለው ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍር ኖሯል፤ እፍረት ለእሱ አዲስ አይደለም፤ አፍሮ ሳይጨርስ ቀልድ ያደርገዋል። ይኸኛው ግን ቀልድ አልሆን አለው። ሰው ሳይመታኝ ልቅደም እያለ ራሱን ሲመታ ኖረ፤ አሁን በትሩ ያረፈው ልጅቷ ላይ ነው። ተጠርቶ ሄዶ፣ ጠይቃው፣ የመለሰላት ስለ ራሱ ነው።

ተነስቶ ወጣና አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዛ። የሚያውቀው ባለሱቅ፣ «ደምለው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ደህና ነኝ ብሎት ተመለሰና በጠራራ ፀሐይ የክፍሉን በር ዘጋ። ጋቢም አልደረበም። ልክ ዜማ ቤት መሪጌታው አጠገብ ይቀመጥ እንደነበረው ተቀምጦ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። ሲያልቅ ገልብጦ ደገመው።

መጻፉ ነው የከበደው። ሳያስበው «ይህ ራሰ በራ» ብሎ ይጀምርና ይሰርዘዋል። «ደንቆሮው ገምጋሚያችሁ» ይልና ይሰርዘዋል። እሱ የሌለበት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንዲህ ያስቸግራል ብሎ አስቦ አያውቅም። የትናየት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችውና፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ ብላ ደነገጠች። «የለም፤ እየጻፍኩ ነው» አላት። በመጨረሻ የለቀቀው ግምገማ አጭር ነበር፦

«የውርጭ 'ሽምጥ' ፈጣን አልበም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ፍጥነቱ ያምርበታል፤ ጊታርና ድራም ተያይዘው ሲሄዱ አንዱ ሌላውን አይጥለውም። መሐል ላይ ግን ጥሩ ዜማ ያገኙና ሳንጠግበው ጥለውት ያልፋሉ። እንዳንሰለቻቸው የፈሩ ይመስላል፤ መፍራት አልነበረባቸውም። የመጨረሻው ዘፈን በቤዝ ጊታር ብቻ ይጀምራል። አንድ ሰው ጉም ውስጥ ጠፍቷል። ሕሊና 'አለህ ወይ?' ብላ ትጣራና ዝም ትላለች። ደግሞ ትጣራለች፤ ደግሞ ዝም ትላለች። ከአልበሙ ሁሉ የሚበልጠው ያ ዝምታ ነው። ድራሙ ግን ቶሎ ገብቶ ይሰብረዋል። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ እኛም አብረን መልስ በጠበቅን ነበር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቻናሉ ጭር አለ። አንዱ «ጋቢውስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው «ደምለው፣ አሞሃል?» አለ። አዲስ ከገቡት አንዳንዶቹ ወጡ። ደምለው ስልኩን አስቀምጦ የአባ ገብረ ክርስቶስን ሬዲዮ መፍታት ጀመረ። እሳቸውስ ቢሆኑ ስንት ጊዜ ተመላለሱ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ የሕሊና መልስ መጣ፤ ረጅም ነው።

«ጋሼ፣ መሐል ላይ ስላሉት ልክ ነዎት። ቃለ አብም ተናዶ ተናዶ አምኗል። በድራሙ ግን አልስማማም። ሰው ጉም ውስጥ ሲጠፋብዎት ቆመው መልስ አይጠብቁም፤ እየተጣሩ ይሮጣሉ። ድራሙ ሩጫው ነው። ቶሎ የገባው ቸኩለን አይደለም፤ የምትጣራዋ ሰው መቆም ስላቃታት ነው። የጠፋውን ሰው እርስዎ ስለማያውቁት ነው ቢታገሥ ያሉት። ተሳስተዋል። ደግመው ይስሙትና ያኔም ያው ከመሰለዎት ይንገሩኝ፤ እንከራከራለን።»

የትናየት ፊቱን አየችና እንጀራውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «ተቆጣችህ እንዴ?» አለችው።

«አልተቆጣችም» አለ ደምለው። «ትከራከረኛለች።»

ያን ሁሉ ዓመት ስንቱ ስቆለታል፤ ጽሑፉን ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ ቃል በቃል ተከትሎ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል ያለው ሰው ግን አልነበረም። ደስ አለው፤ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። የሚመልስላት ቀልድ ፈለገ፤ አልመጣለትም። «እሺ፣ ደግሜ ልስማው» ብሎ ጻፈላትና ከምሳው ተነሳ።